አራት ሽቶ በአራት ቀን፦ የፔንሃሊገንስን የወንድ ሽቶዎች እንዴት እናወዳድር

የመጀመሪያውን ውድ ሽቶዬን የገዛሁት ሰባት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ለንደን ውስጥ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ሻጩ በሁለቱ ክንዶቼ ላይ ስድስት ዓይነት ረጨልኝ፤ ከስድስቱ አንዱ ገና እንደተቆረጠ ሎሚ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቦርሳዬን አወጣሁ። አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ሳልቀመጥ ሎሚው ጠፋ። ቤት ስደርስ ክንዴ ላይ የቀረው ሽታ የየትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ፤ ባለቤቴ ግን «ምን ነካህ?» ብላ መስኮት ከፈተች። ጠርሙሱ ዛሬም ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ ገና ከግማሽ በላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሽቶ የምገዛው በሌላ መንገድ ነው። መንገዱን የተማርኩት በአንድ የለንደን ሽቶ ሠሪ ቤት ሽቶዎች፣ በፔንሃሊገንስ፣ ስለሆነ መመሪያውንም በእነሱ ላይ እጽፈዋለሁ። አንድ ቤት መምረጡ ይጠቅማል። ከአሥር ኩባንያ አሥር ሽቶ ያመጣ ሰው ልዩነቱ ከኩባንያው ይሁን ከሽቶው አያውቅም። አንድ ቤት ወደ 140 ዓመት በሚጠጋ ርቀት የሠራቸውን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ግን የወንድ ሽቶ ራሱ እንዴት እንደተለወጠ ያሸትታል።

ስለ ቤቱ ማወቅ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ዊልያም ፔንሃሊገን ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኮርንዎል፣ ወደ ለንደን የመጣ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቤቱ የተመሠረተበትን ዓመት 1870 ይላል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራው ጀርሚን ስትሪት ላይ ነበር፤ ይህ መንገድ እስከ ዛሬ ድረስ የሸሚዝ፣ የጫማና የመላጫ ዕቃ ነጋዴዎች ሰፈር ነው። የቤተ መንግሥት ዕቃ አቅራቢነት ማዕረግ መጀመሪያ ያገኘው በ1903 ከንግሥት አሌክሳንድራ ነው። ከ2015 ጀምሮ ባለቤቱ ፑይግ የተባለው የስፔን ኩባንያ ነው። ከዚህ በታች ከማነሣቸው ሽቶዎች መካከል ከሁሉ ይልቅ «እንግሊዛዊ» የሚባለውን የቀመመውም ፈረንሳዊ ነው። እንግሊዛዊነቱ ከሽቶው እንጂ ከፓስፖርቱ እንዳይጠበቅ አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው።

አንደኛ፦ አራት ብቻ ይምረጡ

ከአራት በላይ አይጨምሩ። የእኔ አራቱ እነዚህ ናቸው፦ ሐማም ቡኬ፣ 1872። ብሌኒም ቡኬ፣ 1902። ክዌርከስ፣ 1996። ሳርቶሪያል፣ 2010። ሁለቱ ከአሮጌው ዘመን፣ ሁለቱ ከአዲሱ ናቸው፤ ሁለቱ ቀላል፣ ሁለቱ ከባድ ናቸው። እርስዎ ሌላ አራት ሊመርጡ ይችላሉ፤ ይህ ዓይነቱ ስብጥር ግን ይኑርበት። አራቱም ሎሚ ሎሚ የሚሉ ከሆነ ማወዳደሩ ከአንድ ኩባያ ሻይ ወደ ሌላ ኩባያ ሻይ መዝለል ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ናሙና ይያዙ፣ ጠርሙስ አይንኩ

ናሙና ማለት 1.5 ወይም 2 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትንሽ ብልቃጥ ነው። አንድ ርጭት በአማካይ 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚወስድ ከ2 ሚሊ ሊትር ሃያ ርጭት ይወጣል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሱቁ ውስጥ ገብተው በትሕትና ሲጠይቁ የሚሰጥ አለ፣ የሚሸጥም አለ። በሱቁ ውስጥ ክንድዎን ለሻጭ አይስጡ። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሽቶው ከሁሉ የሚያምርበትን የመጀመሪያ አምስት ደቂቃ እያሳየ ነው የሚሸጥልዎ።

ብልቃጦቹ ላይ ያለውን ጽሑፍም ያንብቡ። አንዱ ኦ ደ ቷሌት ሌላው ኦ ደ ፓርፋም ከሆነ የሁለተኛው ዘይት መጠን ይበልጣል፤ ቆይታቸውን ማወዳደር ፍትሐዊ አይሆንም። የሚቻል ከሆነ አራቱንም በአንድ ዓይነት ጥንካሬ ይያዙ።

ሦስተኛ፦ ቃላትዎን ከቤትዎ ያምጡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ከሽቶው ጋር የሚመጣው ወረቀት «ቤርጋሞት፣ ጄራንየም፣ ፓቹሊ» ይላል፤ አንባቢውም ፓቹሊ ሸትቶት ሳያውቅ «አዎ፣ ፓቹሊው ይሸትተኛል» ይላል። የማያውቁትን ሽታ በስሙ መጥራት አፍንጫን ያሰንፈዋል። ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡና በራስዎ ቃል ይጻፉ። አማርኛ ለዚህ ድሃ አይደለም፦ ጧፍ፣ ከርቤ፣ ሰንደል፣ አሪቲ፣ በሶብላ፣ ገና የተጎዘጎዘ ቀጤማ፣ የዝናብ አፈር፣ ወይራ የታጠነ እንስራ፣ አዲስ ቆዳ፣ ካውያ የነካው እርጥብ ልብስ። እነዚህን የጻፈ ሰው ከወር በኋላ ደብተሩን ሲከፍት ሽታው ይመለስለታል። «ደስ የሚል፣ ዘመናዊ፣ ማራኪ» ብሎ የጻፈ ምንም አይመለስለትም።

አንዳንድ ቃላት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ ሎሚ የምንላት ትንሿ አረንጓዴ ፍሬ ለፈረንጆች ላይም ናት፤ እነሱ ሌመን የሚሉት ቢጫው የፈረንጅ ሎሚ ነው። ብሌኒም ቡኬ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጥድ ስንልም እንዲሁ፦ የኛ ጥድ የጅን መጠጥ ከሚቀመምበት ዛፍ ጋር አንድ ዘር ነው። የገና ዛፍ የሚሸትተው ፓይን ሌላ ነው፤ ሙጫውም የበለጠ ይሰነፍጣል።

አራተኛ፦ በወረቀት ይጀምሩ

የማሽተቻ ወረቀት ከሌለዎት ሽታ የሌለው ወፍራም ነጭ ወረቀት በጣት ስፋት ይቁረጡ። በየወረቀቱ ግርጌ ስሙን በእርሳስ ይጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ራሱ ይሸትታል። አንድ አንድ ርጭት፣ አንድ ደቂቃ ቆይታ፣ ከዚያ አፍንጫ ሳይነኩ በቅርብ ማሽተት። አልኮሉ ሳይወጣ የሚያሸትት ሰው አልኮል ብቻ ነው የሚያሸትተው።

ብዙ ሱቆች በመሃሉ አፍንጫ እንዲያርፍ የቡና ፍሬ ያቀርባሉ። በቡና አገር ለተወለደ ሰው ይህ እረፍት ሳይሆን ሌላ ትዝታ ነው፤ እኔን ወዲያው ስኒ ያሰኘኛል። የራስዎን ክንድ፣ ሽቶ ያልነካውን የሸሚዝ እጅጌ ወይም የውጭ አየር ያሽቱ፤ ይበቃል።

ወረቀቱ የሚያገለግለው ለመተዋወቅ ነው። ወረቀት አይሞቅም፣ አያልበውም፤ የመጨረሻው ፍርድ በቆዳ ላይ ነው የሚሰጠው።

አምስተኛ፦ አንድ ቀን ለአንድ ሽቶ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ጠዋት ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠቡ፤ ሌላ ቅባት አይቀቡ። በግራ ክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ሁለት ርጭት ያድርጉ። አይሹት፤ ራሱ ይድረቅ። ገና በተላጨ አገጭ ላይም አይርጩ፤ አልኮሉ ያቃጥላል፣ የተቆጣ ቆዳም አንዳንዱን ቅመም አይወድም። ከዚያ በአምስተኛው ደቂቃ፣ በግማሽ ሰዓት፣ በሁለተኛው ሰዓት፣ በአራተኛው ሰዓትና ማታ ከመተኛትዎ በፊት እያሸተቱ አንድ አንድ መስመር ይጻፉ።

አምስት ጊዜ የሚያስፈልገው ሽቶ የሚተንነው በየተራ ስለሆነ ነው። የሎሚና የብርቱካን ዘይቶች ቀላል ናቸው፤ ከሩብ ሰዓት እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ተነሥተው ይሄዳሉ። አበባውና ቅመሙ ይከተላል። ሰንደሉ፣ ምስኩ፣ ሙጫውና የዛፍ ሽበቱ ከባድ ስለሆኑ ቆዳ ላይ ይተኛሉ። ሰው ሽቶ ሲገዛ የሚወደው የመጀመሪያውን ነው፤ ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውለው ግን የመጨረሻው ነው። ስለዚህ እኔ ነጥብ የምሰጠው በአራተኛው ሰዓት ነው። በአምስተኛው ደቂቃ የምጽፈው ለማስታወሻ ያህል ብቻ ነው።

የእኔ ደብተር ላይ የሰፈረውን ላካፍላችሁ።

ሐማም ቡኬ። ፔንሃሊገን ይህን የቀመመው ከሥራ ቦታው አጠገብ፣ እዚያው ጀርሚን ስትሪት ላይ፣ በ1862 የተከፈተው የቱርክ የእንፋሎት መታጠቢያ አነሣሥቶት ነው። መታጠቢያው በ1941 በጀርመን የአየር ድብደባ ፈርሷል፤ ሽቶው ቀርቷል። በአምስተኛው ደቂቃ፦ ላቬንደር፣ የአያቶች ዱቄት፣ ትንሽ የሚያስነጥስ። በግማሽ ሰዓት ጽጌረዳ ይወጣል፤ ሙሽራ የያዘችው ትኩስ ጽጌረዳ ግን አይደለም፣ መጽሐፍ ውስጥ ተጫኖ የደረቀ ነው። በሁለተኛው ሰዓት ሰንደልና ሞቅ ያለ ገላ። በአራተኛው ሰዓት የጻፍኩት «ታጥቦ የወጣ ሰው፣ ፎጣው ገና አልደረቀም» የሚል ነው። ዛሬ ብዙ ወንዶች «የሴት ይመስላል» ይሉታል፤ በ1872 ጽጌረዳ ለወንድ ነውር እንዳልነበረ ማሰብ ይረዳል።

ከሐማም ቡኬ ሥር የሚሰማው ያ ሞቅ ያለ የእንስሳ ገላ የሚመስል ሽታ የኛን ሰው ከዚህ ታሪክ ጋር ያገናኘዋል። ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ ከኢትዮጵያ በበሬ ቀንድ እየታሸገ ለረጅም ዘመን ወደ አውሮፓ ሽቶ ሠሪዎች ሲላክ ኖሯል። ብቻውን ያሸተተው ሰው ፊቱን ያዞራል፤ በጣም ጥቂት ሆኖ ሲገባ ግን አበባውን ያሞቀዋል፣ ሽቶውንም ያቆየዋል። ዛሬ ቦታውን በአብዛኛው በላቦራቶሪ የተሠራ ምትክ ይዞታል።

ብሌኒም ቡኬ። በ1902 ለማርልቦሮው መስፍን የተቀመመ ነው፤ ስሙም የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ስም ነው። ዊንስተን ቸርችል በ1874 የተወለደው በዚያ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል የሚወርደውን ጎዳና በስሙ የምንጠራው ያው ሰው። ሽቶው አጭርና ቆፍጣና ነው፦ ሁለቱ ሎሚዎች፣ ላቬንደር፣ ፓይን፣ ቁንዶ በርበሬ። አበባ የሚባል ነገር አፍንጫዬ አላገኘበትም፤ ጣፋጭነትም የለውም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከአራቱ ሁሉ የሚበልጡ ናቸው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ የተረጨ ያህል ነው። በግማሽ ሰዓት ሎሚው ወጥቶ ፓይኑና በርበሬው ይቀራሉ። በአራተኛው ሰዓት ግን ክንዴ ላይ አፍንጫዬን ካላስጠጋሁ በቀር ምንም አልነበረም። ይህን እንደ ጉድለት ጽፌው ነበር፤ ኋላ ሰረዝኩት። ጠዋት ስብሰባ ገብቶ ከሰዓት በኋላ ማንንም ሳይረብሽ መውጣት የሚፈልግ ሰው ይህን ነው የሚፈልገው።

ክዌርከስ። ስሙ በላቲን የኦክ ዛፍ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ባሉጥ የሚለው፣ ነው። ስለዚህ ከባድ እንጨት ጠብቄ ነበር። የመጣው ሎሚ፣ በሶብላና የታጠበ አንሶላ ነው። ደስ ይላል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው ሰዓት ላይ «የት ሄደ?» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ሳርቶሪያል። ቀማሚው ፈረንሳዊው ቤርትራን ዱሾፉር ነው፤ የተነሣው በልብስ ሰፊዎቹ በሚታወቀው የለንደን መንገድ፣ ሳቪል ሮው ላይ፣ ካለው ከኖርተን ኤንድ ሰንስ የልብስ ስፌት ክፍል ነው። ሳቪል ሮው ከጀርሚን ስትሪት በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የዚህ ቤት ታሪክ ሁሉ በአንድ ሰፈር ውስጥ ነው ያለው። ሐሳቡ የልብስ ሰፊ ክፍልን በሽታ መሳል ነው፦ የመቀስ ብረት፣ የካውያ እንፋሎት፣ ሱፍ፣ ክሩ እንዳይጠላለፍ የሚታሽበት ሰም፣ አሮጌ ጠረጴዛ። በአምስተኛው ደቂቃ አልወደድኩትም። ብረት ብረት አለኝ፣ የኤሌክትሪክ ካውያ ውስጥ የተረሳ ውሃ። በግማሽ ሰዓት ላቬንደርና ዝንጅብል። በሁለተኛው ሰዓት ድንገት ሰሙ መጣ፤ ደብተሬ ላይ በትልቁ «ጧፍ!» ብዬ ጽፌያለሁ። ገና የጠፋ ጧፍ፣ ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ። በአራተኛው ሰዓት ማር፣ ከርቤና ቆዳ። ማታ ከመተኛቴ በፊትም እዚያው ነበር።

ሳርቶሪያል ሲሠራ መሠረቱ ፉዤር የሚባለው አሮጌ የወንድ ሽቶ ዓይነት ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ ፈርን የተባለው ቅጠል ነው፤ ፈርኑ ራሱ ግን ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም። ኡቢጋን የተባለው የፓሪስ ቤት በ1882 ፉዤር ሮያል ብሎ ላቬንደርን፣ የኦክ ዛፍ ሽበትንና ኩማሪንን ሲያጋጥም የተፈጠረ ሐሳብ ነው። ኩማሪን ማለት ታጭዶ ፀሐይ ላይ የዋለ ሣር የሚሸትተው ነገር ነው። የዛፍ ሽበት ስል በቆላማ ሳይሆን በደጋ ጫካችን ከቅርንጫፍ ላይ የሚንዠረገገውን ያስቡ፤ የሽቶው የዚያ ዘመድ ነው። አንዳንዱን ሰው ቆዳ ስለሚያሳክክ የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ባወጣው ደንብ በውስጡ ያሉ ሁለት ንጥረ ነገሮችን ከልክሏል። አሮጌ ጠርሙስና አዲስ ጠርሙስ አንድ ስም ይዘው አንድ ዓይነት የማይሸትቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ የአጎትዎን የሠላሳ ዓመት ጠርሙስ አሽትተው አዲሱን በስሙ አይግዙ።

ስድስተኛ፦ ሁለቱን አፋጥጡ

በአራቱ ቀናት መጨረሻ ሁለቱ ይወድቃሉ፣ ሁለቱ ይቀራሉ። አሁን ብቻ ነው ሁለት ክንድ የሚያስፈልገው፦ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ። ጥያቄውም «የትኛው ይሻላል?» አይሁን። «ይህን የት ለብሼው እሄዳለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ለእኔ የቀሩት ብሌኒምና ሳርቶሪያል ነበሩ፤ አንዱ የጠዋት፣ አንዱ የማታ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ አንድ ቦታ የሚሄዱ ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው።

ሰባተኛ፦ ስሙን ለማያውቅ ሰው ያስሸትቱ

የራስ አፍንጫ ዋጋውን፣ ሪባኑን፣ የመስፍኑን ታሪክ ሁሉ አብሮ ያሸትታል። ስለዚህ ምንም ያልተነገረው ሰው ያስፈልጋል። በአራት ወረቀት ላይ ከስም ይልቅ ቁጥር ይጻፉ፤ ከረጩ በኋላ ሦስት ሰዓት ያቆዩና ይስጡ። ሦስት ሰዓቱ አስፈላጊ ነው፤ ትኩሱን ከሰጡ ሁሉም ሎሚውን ይመርጣል።

እኔ የሰጠሁት ለባለቤቴና ከፎቃችን በታች ለሚኖሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት ነው። እኚህ ሰው ወደ እንግሊዝ ከመምጣታቸው በፊት ፒያሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ይህን ያሰብኩት ወረቀቱን ከሰጠኋቸው በኋላ ነው። ባለቤቴ ሦስት ቁጥርን፣ ሐማም ቡኬን፣ መረጠች፤ ብዙ ወንዶች «የሴት ይመስላል» የሚሉትን ሳስታውስ ዝም አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። አንድ ቁጥርን አሽትተው «ሎሚ» ብለው አስቀመጡ። ሁለትን «ሳሙና» አሉት፤ ክዌርከስ ነበር። አራት ቁጥርን ግን አሽትተው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቀረቡት፣ የሚታይ ነገር ያለበት ይመስል።

«ይህ ካውያ ነው» አሉ። «እርጥብ ጨርቅ በሱፉ ላይ ታነጥፍና ካውያውን ስትጫን የሚወጣው።» ደግመው አሸተቱ። «ሰምም አለው። እኛም ክር በሰም እናሽ ነበር፣ ቁልፍ ስንተክል።»

ወረቀቱ ላይ ያለው የልብስ ሰፊ ቤት ሽታ እንደሆነ ነገርኳቸው። አልገረማቸውም።

«ታዲያ የማሽኑ ዘይት የታለ?» አሉኝ።

የሳቪል ሮው ሰፊዎች ዋናውን ሥራ በእጅ እንደሚሰፉ አነበብኩላቸው። ጥቂት አሰቡና «ገንዘብ ያላቸው ናቸው» ብለው ወረቀቱን የኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ስምንተኛ፦ የት እንደሚኖሩ አይርሱ

ለንደን ውስጥ የተፈተነ ሽቶ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ በበጋ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ሽቶው ፈጥኖ ይተንናል፣ የደረቀ ቆዳም አይዘውም። ብሌኒም ለንደን ላይ ሦስት ሰዓት ቢቆይልኝ ለገና አገር ቤት ስሄድ ሁለት እንኳ አልሞላም። መላው ቀላል ነው፦ ከመርጨትዎ በፊት ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ክንድዎ ላይ ይቀቡ። ወይም በሸሚዙ ውስጠኛ በኩል ይርጩ፤ ነጠላና ነጭ ልብስ ላይ ግን አይሆንም፣ ቢጫ ይተዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሙቀቱ ከባዱን ሽቶ ያጎላዋል፤ ሦስት ርጭት የነበረው አንድ ይበቃዋል። ዑድ፣ ማለትም ሙጫ ያለውን መዓዛማ እንጨት፣ የለመደ አፍንጫ እነዚህን አራት «ውሃ» ሊላቸው ይችላል። ለእሱ ከዚሁ ቤት ሃልፈቲ የሚባለውን፣ የ2015 ሥራ፣ እጠቁማለሁ፤ ስሙን የወሰደው በጥቁር ጽጌረዳዋ ከምትታወቅ የቱርክ ከተማ ነው። ዑድም ቅመምም አለው፤ አሳንሰር ውስጥ ባለቤቱ ከወረደ በኋላ የሚቀር ዓይነት ነው። ቡና የሚወድ ሰው ደግሞ ኤንዲሚዮንን ይሞክር። ቡናው በጀበና የተፈላ አይደለም፤ የተቆላው ከቀዘቀዘ በኋላ መቁያው ላይ የሚቀረውን ይመስላል። የጥድ ፍሬ ሽታ ለናፈቀው በ2011 የወጣው ጁኒፐር ስሊንግ አለ።

ዘጠነኛ፦ ሒሳቡን ይሥሩ

በጠርሙስ ዋጋ አያወዳድሩ፤ በቀን ዋጋ ያወዳድሩ። 100 ሚሊ ሊትር ወደ 1,000 ርጭት ይሰጣል። ሳርቶሪያል በቀን ሦስት ርጭት ይበቃዋል፤ 333 ቀን ይሄዳል። ክዌርከስን ቀኑን ሙሉ ለመሸትት እኔ ጠዋት ስድስት፣ ከሰዓት በኋላ ስድስት አስፈልጎኛል፤ 83 ቀን ነው። ሁለቱ ሱቅ ውስጥ እኩል ዋጋ ቢለጠፍባቸው እንኳ አንዱ የሌላው አራት እጥፍ ነው። የሚወዱት ከሆነ ይክፈሉ፤ ግን አውቀው ይክፈሉ።

በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ ካጋጠመዎት የጠርሙሱ ክዳን፣ የአንገቱ ሪባንና የሳጥኑ ጽሑፍ እንደሚያታልል ያስቡ። አስመሳዩ መጀመሪያ የሚኮርጀው እነዚህን ነው። የማይኮርጀው አራተኛውን ሰዓት ነው፤ ደብተርዎ እዚህም ይጠቅማል። ዕቃውን ይዘው በአውሮፕላን የሚጓዙ ከሆነ ደግሞ በብዙ አየር ማረፊያዎች በእጅ ሻንጣ የሚገባው እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብልቃጥ ብቻ እንደሆነ አይዘንጉ፤ ከቀረጥ ነጻ ሱቅ የታሸገው ሌላ ሕግ አለው።

የገዙትን ከመታጠቢያ ቤት መደርደሪያ ያንሡ። እንፋሎትና ብርሃን ሽቶን ያበላሹታል፣ ሎሚ ያለበትንም ቀድመው። ከሳጥኑ ሳያወጡ በጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ያኑሩት፤ በሳጥኑ ግርጌ የከፈቱበትን ቀን ይጻፉ። የእኔ ብሌኒም «ጥቅምት» ይላል።

ሳርቶሪያልን ግን እስካሁን አልገዛሁም። ናሙናዋን ለጋሼ ሰጠኋቸው፤ እሑድ እሑድ ከቤት ሲወጡ ከኮታቸው አንገት ላይ አንዲት ጠብታ ያደርጋሉ። ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ጧፉ ከኋላቸው ይከተላል፤ ባለፈው እሑድ ደግሞ በጣም በጥቂቱ የማሽን ዘይት ሸተተኝ።